ስታይልሺትን በሰርቨር ኮድ ማመንጨት፦ የማን ውሳኔ፣ በየትኛው ሰዓት?

የአንድን ድረ ገጽ መልክ፣ ማለትም የፊደሉን መጠን፣ የመደቡን ቀለም፣ የዐምዱን ስፋትና የመስመሩን ርቀት የሚደነግገው ሰነድ ስታይልሺት ይባላል፤ የሚጻፍበትም ቋንቋ ሲኤስኤስ ነው። ይህ ሰነድ እንደ ልማዱ አንድ ጊዜ ተጽፎ በሰርቨር ላይ የሚቀመጥ፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ሳይለወጥ የሚላክ ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ብራውዘሩ የደረሰው ጽሑፍ ከዲስክ ላይ የተነበበ ይሁን ወይም በዚያው ቅጽበት በፕሮግራም የተቀናበረ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያየው አድራሻውን፣ ከምላሹ ጋር የመጣውን የይዘት ዓይነት መግለጫና ጽሑፉን ብቻ ነው። ስለዚህ በፒኤችፒ፣ በፓይተን ወይም በሌላ የሰርቨር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የሚልከው ሲኤስኤስ መሆኑን በምላሹ ራስጌ ላይ እስካስታወቀ ድረስ፣ የገጹን መልክ በየጥያቄው እያሰላ መላክ ይችላል።

ዘዴው ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል። በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «እንዴት ይሠራል» በሚለው ላይ የሚያበቃውም ለዚህ ይመስላል። ለተመራማሪ የሚበጀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ስለ ገጹ መልክ የሚሰጥ አንድ ውሳኔ መሰጠት ያለበት መቼ ነው? ሰነዱ ሲጻፍ፣ ገጹ ሲጠየቅ ወይስ በአንባቢው ስክሪን ላይ ሲታይ? በእያንዳንዱ ሰዓት ወሳኙ ይለያያል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚወስነው ዲዛይነሩ ነው፤ በሁለተኛው የተቋሙ ሰርቨር፣ በሦስተኛው ደግሞ አንባቢውና በእጁ ያለው መሣሪያ። ስታይልሺትን በሰርቨር ኮድ ማመንጨት ውሳኔን ከአንደኛው ሰዓት ወደ ሁለተኛው ያሻግራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይታወቅ ከሦስተኛው ላይም ይነጥቃል።

ሲኤስኤስ ሲጸነስ ይህ የሥልጣን ጥያቄ በግልጽ ተነሥቶ ነበር። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪየም ሊ በሰርን ሲሠራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1994 ባወጣው የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋጌ በመቶኛ የሚገለጽ የተጽዕኖ መጠን ሊሰጠው ይችል ነበር። ደራሲው «ርእሱ ይህን ያህል ይግዘፍ» ሲል፣ አንባቢው ደግሞ በራሱ ስታይልሺት ሌላ መጠን ሲጠይቅ፣ የሁለቱ ፍላጎት እንደየድርሻቸው እንዲታረቅ የታሰበ ነበር። የመቶኛው ሐሳብ ወደ ተግባር አልተሻገረም። መሠረቱ ግን ቀረ፤ በስሙ ውስጥ ያለው «ካስኬዲንግ» የሚለው ቃልም ከደረጃ ወደ ደረጃ እንደሚወርድ ፏፏቴ ከብዙ ምንጭ የሚመጡ ድንጋጌዎች በሥርዓት የሚገናኙበትን መንገድ ያመለክታል። ሊ ከበርት ቦስ ጋር ያዘጋጀው የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 ሲጸድቅ፣ ሁለቱም ወገኖች «ይህ አስፈላጊ ነው» ብለው ምልክት ያደረጉበት ድንጋጌ ቢጋጭ የሚያሸንፈው ደራሲው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሁለተኛው ደረጃ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው፤ ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ቃል የአንባቢው ሆነ። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደል አጉልቶ የማንበብ መብቱ በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ እንደ ሕግ ተጽፏል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ቀርቦ ነበር። ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ስታይልሺት በጃቫስክሪፕት ቢጻፍ የሚል ሐሳብ አቅርቦ በአራተኛው ብራውዘሩ ውስጥ ተግባራዊ አደረገው። በዚያ መንገድ ስታይልሺቱ ራሱ ስሌት የሚያሰላ ፕሮግራም ይሆን ነበር። ሌሎች ብራውዘሮች ግን አልተከተሉትም፤ ቀርቶም ቀረ። ሲኤስኤስ በአንጻሩ ያለ ስሌት፣ ያለ ሁኔታና ያለ ተለዋዋጭ ስም፣ መልክን በዝርዝር የሚናገር ቋንቋ ሆኖ ዘለቀ። ቦስ እ.ኤ.አ. በ2008 ተለዋዋጭ ስሞች ወደ ቋንቋው እንዳይገቡ በጽሑፍ ተከራክሯል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሌሎችን ስታይልሺት እያነበቡ ለሚማሩ ተራ ሰዎች ቋንቋው ይከብዳል የሚል ነበር። ክርክሩ ክብደት አለው። ይሁንና አንድን ሰማያዊ ቀለም በአርባ ቦታ ደጋግሞ ጽፎ፣ አለቃው «ትንሽ ይጥቆር» ባለው ጊዜ አርባውን አንድ በአንድ ላደነ ሰው ብዙም አያጽናናም። እንዲህ ያለው ባለሙያ አጠገቡ ያገኘው ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያወጣውን ፒኤችፒን ነው። ቀለሙን ከላይ በአንድ ስም አኑሮ፣ ከታች ስሙን እየጠራ፣ የስታይልሺቱን ፋይል በፕሮግራም ተካው። በሰርቨር የሚመነጭ ስታይልሺት የተወለደው ከዚህ ተራ ችግር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ዩኒቨርሲቲ አሥር ኮሌጆች አሉት እንበል፤ ሁሉም በአንድ ሰርቨር ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ድረ ገጽ ይጋራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን መለያ ቀለም ይፈልጋል። ፋይሉን አሥር ጊዜ መቅዳት ይቻላል። በሁለተኛው ወር አንድ ስሕተት ይገኝና በሦስቱ ቅጂዎች ላይ ይታረማል፤ በሰባቱ ላይ ይረሳል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ይጻፋል፤ የኮሌጁን መለያ ከአድራሻው ላይ ያነባል፣ ቀለሙን ከመረጃ ቋት ያወጣል፣ ስታይልሺቱን አቀናብሮ ይልካል። ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ፒኤችፒ ካልተነገረው በስተቀር ምላሹን ሁሉ ኤችቲኤምኤል ብሎ ስለሚሰይም፣ ብራውዘሩ በመደበኛ አሠራሩ ሰነዱን እንደ ስታይልሺት አይቀበለውም። ገጹ ምንም መልክ ሳይኖረው ባዶውን ይወጣል፤ ስታይልሺቱ በአድራሻው ሲከፈት ግን ጽሑፉ ሙሉና ትክክል ሆኖ ይታያል። የጠፋው የይዘት ዓይነቱን የሚናገረው አንዱ የራስጌ መስመር ነው።

ፕሮግራሙ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ዲዛይነር በዓይኑ የሚገምተውን ነገር በቁጥር ማስላት ይችላል፤ የዘዴው እውነተኛ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ነው። ከመለያ ቀለሙ ላይ የሚጻፈው ርእስ ነጭ ይሁን ወይስ ጥቁር? ዓለም አቀፉ የድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸደቀው የተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛ ስሪት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። ስሌቱም ተሰጥቷል። የቀለሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች በቅድሚያ ከስክሪን እሴት ወደ ብርሃን መጠን ይለወጣሉ፤ ከዚያም ቀዩ በ0.2126፣ አረንጓዴው በ0.7152፣ ሰማያዊው በ0.0722 ተባዝተው ይደመራሉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ውጤት ለጥቁር 0፣ ለነጭ 1 ነው። በሁለቱም ላይ 0.05 ተጨምሮ ትልቁ ለትንሹ ሲካፈል ንጽጽሩ ይገኛል።

ደማቅ ቢጫን የመረጠ ኮሌጅ ካለ የቢጫው ብርሃን 0.9278 ይሆናል። ነጭ ጽሑፍ በላዩ ላይ ያለው ንጽጽር 1.07 ለ 1 ብቻ ነው፤ ማለትም አይነበብም። ጥቁር ጽሑፍ ግን 19.56 ለ 1 ያገኛል። ይህስ ያለ ስሌትም ይታያል። አረንጓዴን፣ እሴቱ ከ255 ውስጥ 128 የሆነውን የመረጠ ኮሌጅ ግን ዓይንን ያታልላል። ጥቁር ጽሑፍ በላዩ ላይ 4.09 ለ 1 ላይ ሲቆም፣ ነጭ ጽሑፍ 5.1 ለ 1 ደርሶ ያልፋል። ዲዛይነሩ በጥሩ ስክሪን፣ በደንብ በተበራ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሁለቱንም «ይነበባል» ሊል ይችላል። ውጭ በፀሐይ ቆሞ የፈተና መርሐ ግብር በስልኩ የሚፈልገው ተማሪ ግን በዲዛይነሩ ስክሪን አያነብም። ፕሮግራሙ አሥሩንም ኮሌጆች፣ ወደፊት የሚከፈተውን አሥራ አንደኛውንም ጭምር፣ በአንድ መለኪያ ይመዝናል።

ታዲያ ይህ ስሌት መከናወን ያለበት መቼ ነው? የኮሌጅ ቀለም በዓመታት አንድ ጊዜ ቢለወጥ ነው። ገጹ ግን በምዝገባ ሰሞን በቀን ሺህ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ፕሮግራሙ በየጥያቄው ወደ መረጃ ቋት ሄዶ፣ ያንኑ ቀለም አውጥቶ፣ ያንኑ ስሌት ሠርቶ፣ ያንኑ ጽሑፍ ይልካል። የሥራው ብክነት በሰርቨሩ ላይ ብቻ ቢቀር ጉዳዩ የተቋሙ የኤሌክትሪክና የመሣሪያ ወጪ ሆኖ ያልፍ ነበር። ትልቁን ዕዳ የሚከፍለው ግን አንባቢው ነው። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የካሽን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ተራ ፋይል ሲላክ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ከፋይሉ ጋር መጨረሻ የተለወጠበትን ቀንና ብዙ ጊዜም ኢታግ የሚባለውን የይዘት መለያ አብሮ ይልካል። ብራውዘሩ ፋይሉን በስልኩ ውስጥ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ መለያ ያለው ቅጂ አለኝ፤ ተለውጧል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 የሚል አጭር መልስ ይሰጣል፤ ጽሑፉ ዳግመኛ አይላክም። ፕሮግራም የሚያመነጨው ምላሽ ግን ፕሮግራመሩ ራሱ ካልጻፋቸው በስተቀር ከእነዚህ መግለጫዎች አንዱንም አይዝም። 60 ኪሎባይት የሆነ ስታይልሺት ሃያ ገጾችን በከፈተ ተማሪ ስልክ ላይ በየገጹ እንደገና ቢወርድ 1.2 ሜጋባይት ይሆናል፤ ካሽ ቢሠራ ኖሮ በ60 ኪሎባይት ያልቅ ነበር። የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ልዩነት ከኪሱ የሚወጣ ነው። በተጨማሪም ብራውዘር በገጹ ራስ ላይ የተጠራ ስታይልሺት እስኪደርሰው ድረስ ገጹን ስለማያሳይ፣ በደካማ መስመር ላይ ያለው አንባቢ ነጭ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል።

ተጠቃሚውን ለመለየት ሴሽን የሚከፍት የፒኤችፒ ስታይልሺት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ፒኤችፒ ሴሽን ሲከፈት በነባሪ ቅንብሩ ምላሹ በካሽ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ራስጌ ይልካል፤ ለማጠናከሪያም ምላሹ ጊዜው ያለፈበት «ሐሙስ ኖቬምበር 19 ቀን 1981» ነው ብሎ ያስታውቃል። ሲኤስኤስ ከመታሰቡ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቀድሞ ጊዜው ያለፈበት ስታይልሺት! በዚህ ላይ የሴሽኑ ፋይል በነባሪ አሠራር በአንድ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚከፈት፣ የአንድ ተጠቃሚ ገጹና ስታይልሺቱ ጎን ለጎን ሳይሆን ተራ ጠብቀው ይስተናገዳሉ። ሁለት መስመር ኮድ ያመጣውን መጓተት ፈልጎ ለማግኘት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ስታይልሺቱን የጻፈው ሰው ስለ ሴሽን መቆለፍ፣ ሴሽኑን የጻፈው ሰው ደግሞ ስለ ስታይልሺት እምብዛም አያስብምና።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ ኢታግ አስልቶ ሊልክ ይችላል፤ ይህ የሚላከውን ጽሑፍ ይቀንሳል፣ የደርሶ መልሱን ጉዞ ግን አያስቀርም። የተሻለው ቀለሙ በተለወጠ ጊዜ ብቻ ስታይልሺቱን አመንጭቶ በፋይል ማስቀመጥ፣ ከይዘቱ የተሰላ አጭር መለያም በፋይሉ ስም ውስጥ ማስገባት ነው። ይዘቱ ከተለወጠ ስሙም ስለሚለወጥ፣ ብራውዘሩ ነባሩን ፋይል ለ31,536,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ዓመት ያለ ጥያቄ እንዲይዘው ሊፈቀድለት ይችላል። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ ሥራውን ይሠራል፤ ንጽጽሩን ያሰላል፣ አሥሩን ኮሌጆች ያስተናግዳል፤ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ግን ተራ ፋይል ነው። እንደ ሳስ ያሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተስፋፉት መሣሪያዎችም በመሠረቱ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ተለዋዋጭ ስምንና ስሌትን ተቀብለው፣ ፋይሉ ከመታተሙ በፊት አስልተው ጨረሱት። ይህ ሁሉ ውሳኔውን ከሁለተኛው ሰዓት ወደ አንደኛው መመለስ ነው።

ሰርቨሩ በጥያቄ ጊዜ ሊወስን የሞከራቸው ሌሎች ነገሮች ደግሞ ወደ ሦስተኛው ሰዓት መሄድ ነበረባቸው። ከነዚህ ዋናው የስክሪን ስፋት ነው። ሰርቨር ስክሪን አያይም፤ የሚያየው ብራውዘሩ ስለ ራሱ የሚናገረውን አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በዚያ መስመር ላይ ተመሥርተው «ይህ ስልክ ነው፣ ያ ኮምፒውተር ነው» እያሉ የተለያየ ስታይልሺት የሚልኩ ፕሮግራሞች ብዙ ዓመት ሠርተዋል። መስመሩ ግን ታሪኩ ሁሉ የመመሳሰል ታሪክ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ለኔትስኬፕ የተዘጋጁ ገጾች እንዳይከለከሉት ሲል ራሱን «ሞዚላ» ብሎ ጠራ፤ ሳፋሪም ክሮምም ተከተሉት፤ ዛሬም ሁሉም ሞዚላ ነን ይላሉ። በእንዲህ ያለ ምስክር ቃል ላይ የገጽ ስፋት መወሰን ምን ያህል እንደሚያዛልቅ መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው የሚዲያ ጥያቄዎች ደረጃ ጉዳዩን ወደ ተገቢው ቦታ መለሰው፤ ስታይልሺቱ የሁሉንም ስፋት ደንብ ይዞ ይሄዳል፣ የሚመርጠው ስክሪኑን የሚያየው ብራውዘር ነው። አንባቢው ጨለማ መደብ መምረጡን የሚጠይቀው ደንብም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ሰርቨሩ ስለ ምርጫው ምንም ማወቅ አያስፈልገውም።

በአማርኛ የሚጻፉ ገጾች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣሉ። ለላቲን ፊደል የተሠራ ስታይልሺት አጽንዖትን በተጋደለ ፊደል ያሳያል። ለግእዝ ፊደል የተጋደለ ቅርጽ የሌለው ፎንት ሲገጥመው ግን ብራውዘሩ ፊደሉን በመሣሪያ ብቻ ያጋድለዋል፤ ውጤቱም ነፋስ የመታው ጽሑፍ ይመስላል። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ከፍ ዝቅ ስለማይል በጠባብ የመስመር ርቀት ገጹ ይጠቁራል። ይህን ለማስተካከል ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ የተለያየ ስታይልሺት በሰርቨር ማመንጨት የተለመደ ሐሳብ ነው፤ አስፈላጊ ግን አይደለም። የገጹ ቋንቋ በሰነዱ ላይ ከተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በሁለተኛው ደረጃ የገባው የቋንቋ መራጭ «አማርኛ በሆነበት ሁሉ አታጋድል፤ መስመሩን አራርቅ» የሚለውን በሁለት ድንጋጌ ይፈጽመዋል። እንግሊዝኛ ጥቅስ የያዘ የአማርኛ ገጽ ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ደንብ ያገኛል፤ ሰርቨሩ ግን ለአንድ ገጽ አንድ ቋንቋ ብቻ ገምቶ ያልፍ ነበር። የግእዝ አኃዝም እንዲሁ ነው። ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ ለመቁጠር ቀድሞ የሰርቨር ኮድ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን አኃዙን ሁለት ሁለት አሃዝ እያጣመረ፣ ፻ንና ፼ን በየቦታቸው እያስገባ የሚያሰላው ስልት በሲኤስኤስ የቆጠራ ደረጃ ውስጥ ስም ተሰጥቶት ተጽፏል።

ስለ ደኅንነት የሚባለው አጭር ነው፤ አጭርነቱ ግን ቀላልነቱን አያሳይም። ፕሮግራሙ ከአድራሻው ላይ ያነበበውን ቃል ሳይመረምር በስታይልሺቱ ውስጥ ከለጠፈ፣ ሌላ ሰው የራሱን ድንጋጌ ሊያስገባበት ይችላል። «ይህ ቀለም እንጂ ፕሮግራም አይደለም» የሚለው መዘናጋት ለብዙዎች ጦስ ሆኗል። ሲኤስኤስ «የዚህ ሳጥን እሴት በዚህ ፊደል የሚጀምር ከሆነ ይህን ሥዕል ከዚህ አድራሻ ጥራ» ብሎ ማዘዝ ስለሚችል፣ በገጹ ቅጽ ውስጥ የተደበቀን እሴት ፊደል በፊደል ወደ ሌላ ሰርቨር ማሾለክ ይቻላል። የቀድሞው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርማ በስታይልሺት ውስጥ የጃቫስክሪፕት ስሌት ይቀበል ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የኮሌጅ መለያን ከታወቀ ዝርዝር ውስጥ ብቻ፣ ቀለምንም በስድስት የአሥራ ስድስት መደብ አሃዞች ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ሁሉ መጣል አለበት። ከመረጃ ቋት የመጣውም እንዲሁ ይመረመር፤ ወደ ቋቱም ያስገባው ሰው ነውና።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው ራሱ ተለወጠ። ቦስ የተከራከረባቸው ተለዋዋጭ ስሞች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ወደ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ገቡ። በመሆኑም የዩኒቨርሲቲው ስታይልሺት ዛሬ ለአሥሩም ኮሌጆች አንድ፣ የማይለወጥ ፋይል ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ የሚያመነጨው በገጹ ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት መስመሮችን፣ «መለያ ቀለም ይህ ነው፤ በላዩ የሚጻፈው ይህ ነው» የሚሉትን ብቻ ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 5.8 ስሪቱ ጀምሮ የሚከተለው ይህን የመሰለ መንገድ ነው፤ የገጽታውን ምርጫዎች ከአንድ የቅንብር ፋይል አንብቦ በፒኤችፒ ወደ ተለዋዋጭ ስሞች ይለውጣቸዋል። ሰርቨሩ የሚያውቀውን፣ ማለትም የተቋሙን ምርጫ፣ ይናገራል፤ የቀረውን ብራውዘሩ ያሰላል። ለመተቸት የሚቀርበው ነገር የሚጻፈው መጠን ነው፤ በየገጹ ራስ ላይ የሚደጋገም ረጅም የስም ዝርዝር ካሽን ያባክናልና፣ ሁለት መስመር የተባለው ሁለት መቶ ሲሆን የመጀመሪያው ችግር በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሰርቨር የሚመነጭ ስታይልሺት ጨርሶ አልጠፋም። እንዲያውም በዓለም ላይ በስፋት ከሚጠሩት ስታይልሺቶች መካከል አንዱ እንዲህ ያለ ነው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው የፎንት አገልግሎት። አንድ የአማርኛ ድረ ገጽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከዚያ ሲጠራ፣ በአድራሻው ላይ የጻፈው የፎንት ስም የፕሮግራም ግብዓት ነው። ሰርቨሩ ስሙንና ብራውዘሩ ስለ ራሱ የሚናገረውን መስመር አንብቦ፣ ለአዲሱ ብራውዘር የተጨመቀውን የፎንት ዓይነት፣ ለአሮጌው ሌላውን የሚጠራ ስታይልሺት ያቀናብራል። ብራውዘር የትኛውን የፎንት ዓይነት ማንበብ እንደሚችል መገመት ስፋቱን ከመገመት ይቀላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ያ አሳሳች መስመር ይሠራል። የተመነጨው ስታይልሺት በካሽ የሚቆየው ለአንድ ቀን ነው፤ የፎንት ፋይሎቹ ግን ለአንድ ዓመት። ጊዜው እንዲህ የተከፈለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሊለወጥ የሚችለው ውሳኔ አጭር፣ የማይለወጠው ይዘት ረጅም ዕድሜ ተሰጥቶታል።

ለግእዝ ፊደል ትልቁ ጥቅም ያለው ግን ሰርቨሩ ራሱ ባልወሰነው ነገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሉ የተመደበው ዋናው ክልል 384 የኮድ ቦታ ይዟል፤ ፎንቱም በዚያው ልክ ከእንግሊዝኛው ይከብዳል። ስታይልሺቱ ለእያንዳንዱ የፎንት ፋይል የሚሸፍነውን የፊደል ክልል ይናገራል፤ ብራውዘሩ ደግሞ በገጹ ላይ ከክልሉ አንድም ፊደል ካላገኘ ፋይሉን አያወርደውም። እንግሊዝኛ ብቻ የያዘውን የዩኒቨርሲቲውን ገጽ የከፈተ ሰው ስለ አማርኛው ፎንት አይከፍልም።

ይሁንና አንባቢው የሚከፍለው በዳታ ብቻ አይደለም። ስታይልሺቱ ከሌላ ድርጅት ሰርቨር በተጠራ ቁጥር የጎብኚው የኢንተርኔት አድራሻ ወደዚያ ይሄዳል። የሙኒክ አንደኛ የክልል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 በሰጠው ፍርድ፣ ጎብኚው ሳይፈቅድ አድራሻውን በዚህ መንገድ ወደ ጉግል ያሳለፈ የድረ ገጽ ባለቤት 100 ዩሮ እንዲከፍል አዟል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ፎንቱን በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ያንኑ ገጽ ማሳየት ይችል ነበር የሚል ነው። ኖቶም አቢሲኒካም በነጻ ፈቃድ የሚሰጡ ስለሆኑ ይህ ለማንኛውም ተቋም ክፍት ነው። የፎንት ፋይሎቹን አውርዶ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ማኖር፣ የፊደል ክልሉን የሚናገሩትን ጥቂት ድንጋጌዎች ወደ ራሱ ስታይልሺት መገልበጥና አድራሻቸውን ወደዚያው ማዞር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።